ፊት የሄደ የኋላውን ይጠብቅ

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ምናልባት ልጆቹ ተኝተው፣ የወጥ ቤቱ መብራት ጠፍቶ፣ ክፍላችሁ ገብታችሁ ጋደም ስትሉ ይሆናል። እኔም የምጽፍላችሁ በዚያው ሰዓት ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ኤጀንሲ አይደለም፤ ስለ ሞተርና ስለ ብስክሌት ነው። «የቤት ሠራተኛንና ብስክሌትን ምን አገናኛቸው?» ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ሳቁ፣ ግዴለም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ታሪኩ በሳቅ ተጀምሮ በለቅሶ ያለፈ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ስለሆነ እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምነግራችሁ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ባሕር ዳርን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ብስክሌትም ለሰዉ እንደ እግሩ ነው። ወንድሜ ደክሞት ሲተኛ ብስክሌቱን ቀስ ብዬ አውጥቼ እስከ ጣና ዳር እየነዳሁ ነው ያደግሁት። ታዲያ በ2017 እ.ኤ.አ. ዱባይ ስመጣ ብስክሌት የሚባል ነገር ከሕይወቴ የወጣ መስሎኝ ነበር።

የገባሁበት ቤት ትልቁ ልጅ የሞተር ፍቅር ነበረው። አስፋልት ላይ የሚነዳውን ሞተር አይደለም የምላችሁ፤ ጎማው ጥርስ ያለው፣ ከፍ ያለ፣ ለአሸዋና ለድንጋይ የተሠራውን ነው። ክረምታቸው ሲገባና ሙቀቱ ሲበርድ ከጓደኞቹ ጋር በየሳምንቱ በረሃ ይወጣል። ማታ ሲመለስ የእኔ ሥራ ይጀምራል። ከቦት ጫማው ብቻ አንድ ጣሳ አሸዋ አራግፍ ነበር። ልብሱን ሁለት ጊዜ ካላለቀለቅሁት ማጠቢያውን ማሽን ይደፍነዋል። «ይህ ልጅ አሸዋውን ሁሉ ተሸክሞ ሊጨርሰው ነው» እያልሁ አጉረመርም ነበር።

አንድ ቀን ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ ሲወጣ ምሳ እንዳቀርብ እኔንም ወሰዱኝ። ቦታው ከዱባይ ወደ ሐታ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ «ቢግ ሬድ» የሚሉት ትልቅ የአሸዋ ተራራ ነው። አሸዋው በውስጡ ባለው የብረት ዝገት ምክንያት ቀላ ያለ ነው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እሳት ይመስላል። እኔ ሩዙን እያሟሟቅሁ ልጆቹን አያቸው ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እብደት ብቻ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው ግን ሥርዓት እንዳለው ገባኝ።

በመጀመሪያ ከጎማቸው አየር ይቀንሳሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጎማው ላላ ሲል አሸዋውን የሚነካው ቦታ ይሰፋል፤ ያኔ አይሰጥምም» አለኝ። ከኋላቸው ረጅም ዘንግ ላይ ባንዲራ ያስራሉ፤ ከአሸዋው ወዲያ ያለ ሰው ሰውዬውን ባያይ እንኳ ባንዲራውን ያያል። አንዱ ከአሸዋው ጫፍ ወዲያ ወድቆ እንደሆነ ሌላው ጓደኛው ጫፉ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ የሚመጡትን ያስቆማል። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ አንድ ሰው ይቆማል። የመጨረሻው ሰው እስኪደርስና እስኪያልፍ ድረስ ከዚያ አይነቃነቅም። «ፈጣኑ ሰው ለምን ይቆማል?» ብለው «ብቻውን የሚሄድ ብቻውን ይወድቃል» አለኝ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ2020 መጀመሪያ ላይ ይኸው ልጅ ወደቀ። ከአንገቱ ወደ ትከሻው የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ እጁን በጨርቅ አንጠልጥለው አመጡት። ስድስት ሳምንት ያህል ሶፋ ላይ ተኛ። ጓደኞቹ ኩናፋና ቴምር እየያዙ ይመጣሉ፤ አወዳደቁን እየተረኩ ይሳሳቃሉ፤ እኔ ሻይ አመላልሳለሁ። አልቀናሁበትም፣ ልጁ ለእኔ ጥሩ ነበር። ግን ትሪውን ይዤ ስመለስ አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ፦ እኔ ብወድቅስ? ለእርሱ መውደቅ ጨዋታ ይሆንለታል፤ ለእኔ ግን እጄ እንጀራዬ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው ኋላ ያጠፋሁት።

በ2022 መጀመሪያ የአገሩ የሳምንት ዕረፍት ከዓርብና ቅዳሜ ወደ ቅዳሜና እሑድ ተዛወረ፤ የማዳሜም ፈቃድ ታክሎበት እሑድ የእኔ ቀን ሆነ። በዚያው ዓመት በኤምሬትስ የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነደመወዙ የዕረፍት ቀን እንዲሰጠን ያዝዛል። ከእናንተ መካከል ይህን ቀን የማታገኙ እንዳላችሁ አውቃለሁና ስጽፍ ልቤ ይከብደኛል።

አራት ጓደኛሞች ነበርን። እኔ፣ የደሴዋ፣ የአዳማዋና የአምቦዋ። ስማቸውን አልጽፍም፣ እነርሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ መናፈሻ ተቀምጠን ስልክ ከመነካካት በቀር ሥራ አልነበረንም። አንድ ቀን በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት አየሁና ተከራየሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ያልነዳሁት ሰውዬ፣ ልክ ፔዳሉን ስረግጥ ሰውነቴ ሁሉንም አስታወሰ! ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ጓደኞቼም «እኛንም አስተምሪን» አሉ።

የአዳማዋና የአምቦዋ ቶሎ ለመዱ። የደሴዋ እኅታችን ግን ተቸገረች። የጦሳን ዳገት በእግሯ እየወጣችና እየወረደች ያደገች ጠንካራ ሴት ናት፤ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ግን እንደ ሕፃን ትንቀጠቀጥ ነበር። «ተራራ በእግር ይወጣል እንጂ ምን ጎማ ያስፈልገዋል?» እያለች ታስቀናለች። ከኋላ ኮርቻውን ይዤ አብሬአት እሮጣለሁ፤ ስለቃት አላወቀችም፤ ሃያ ሜትር ያህል ብቻዋን ከሄደች በኋላ ዞር ብላ ስታየኝ ዘጭ አለች። በዚያ ቀን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

አንዳንድ የአገራችን ሰዎች ሲያዩን «ሴት ልጅ ብስክሌት? ያውም በዚህ ዕድሜ?» ይሉን ነበር። እኔ ግን ነገሩ ለእኛም እንግዳ እንዳልሆነ እነግራቸዋለሁ። የኢትዮጵያ ብስክሌተኞች በ1956 እ.ኤ.አ. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የፈረንሳይን ታላቅ ዙር የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኋላም በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ትግራይ ያደገችው እየሩ ተስፎም ገብሩ በስደተኞች ቡድን ስም ብስክሌት ተወዳድራለች። ስደት ላይ ሆና የጋለበች ሴት እንዳለች ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ወደ ታሪኬ ልመለስ። በጥር 2023 ሐታ ለመሄድ ተስማማን። ሐታ የዱባይ ግዛት ብትሆንም ከከተማው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐጀር ተራሮች መካከል ያለች ቦታ ናት። ግድብ አላት፣ ለተራራ ብስክሌትም ተብሎ የተሠሩ መንገዶች አሏት። ከአውቶቡሱ ስንወርድ የደሴዋ ተራሮቹን ቀና ብላ አይታ ዝም አለች። ዛፍ የላቸውም፣ ድንጋይ ብቻ ናቸው፤ ቢሆንም ተራራ ናቸው። ስንት ዓመት ሜዳ ብቻ ላየ ዓይን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ብስክሌትና ሄልሜት ተከራየን። መንገዶቹ በቀለም የተለዩ ናቸው። አረንጓዴው ለጀማሪ፣ ሰማያዊው ከዚያ ጠንከር ያለ፣ ቀዩ ለለመደ፣ ጥቁሩ ለባለሙያ ነው። አረንጓዴውን ስንጨርስ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ የደሴዋም ሳትወድቅ ጨርሳለች። እዚያ ላይ ብናበቃ መልካም ነበር። እኔ ግን የባሕር ዳር ልጅነቴ ተነሣብኝና «ሰማያዊውን እንሞክር» አልሁ።

የደሴዋ «ለእኔ ይኸው ይበቃኛል፣ እዚህ ተቀምጬ እጠብቃችኋለሁ» አለች።

«አንቺ ደግሞ፣ ምን ያስፈራሻል? እኔ እያለሁልሽ!» አልኋት።

እኅቶቼ፣ ሰው «ይበቃኛል» ሲል መስማት ማስተዋል ነው። እኔ አልሰማሁም። ደግሞም «እኔ እያለሁልሽ» ብዬ ወደፊት ፈተለክሁ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ደስታው ያዘኝ። የአዳማዋና የአምቦዋ ተከተሉኝ። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ደረስን፤ የዚያ ልጅ ቃል ትዝ ብሎኛል፣ አልዋሻችሁም። «ትደርሳለች» ብዬ አለፍሁ።

ታች ደርሰን ጠበቅን። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። አልመጣችም። ስልኳ ይጠራል፣ አይነሣም። ብስክሌታችንን ጥለን ዳገቱን በእግራችን ሮጥን። ሳንጠብቃት ባለፍንበት መታጠፊያ የተሳሳተውን መንገድ ይዛ ቁልቁል ወርዳለች። ስናገኛት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ታቅፋ ይዛለች። ሄልሜቷ ተሰንጥቋል። ፍጥነቱ ሲያስፈራት የፊቱን ፍሬን በኃይል ጨብጣ፣ ጎማው ቆሞ እርሷ በመሪው ላይ ተወርውራ፣ መሬቱን በእጇ መዳፍ ተቀብላው ነበር። እየተንቀጠቀጠች የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል «ለማዳሜ እንዳትነግሩብኝ» የሚል ነው።

የሌላ አገር ሰዎች የሆኑ ብስክሌተኞች ደርሰው ውኃ ሰጡን፣ እጇን በሻርፕ አሰሩላት፣ በመኪናቸውም አወረዱን። እግዜር ይስጣቸው። አንድ ክሊኒክ ሄደን ራጅ ተነሣች፤ «ስብራት አይታይም፣ ወለምታ ነው» ተባለች። እኛም ደስ አለን። በአውቶቡስ ስንመለስ «ከደረጃ ወደቅሁ እላለሁ» አለች፤ እኔም እሺ አልኋት። ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው።

ሁለት ሳምንት በዚያ እጇ ተኮሰች፣ አጠበች፣ ሕፃን አነሣች። ማታ ማታ ትደውልልኝና «አውራ ጣቴ ሥር ይነድደኛል» ትለኛለች። በመጨረሻ ማዳሟ ሻይ በግራ እጇ ስትቀዳ አይታ ጠረጠረች። የደሴዋ በለቅሶ ስትደውልልኝ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ከማዳሜ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቤታቸው ሄድሁና በር ላይ ቆሜ «ተራራ ላይ የወሰድኋት እኔ ነኝ። እርሷ አልፈልግም ብላ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው።

ሴትየዋ ዝም ብለው አዩኝ። እባረራለሁ ብዬ ስጠብቅ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ለምን በዚያው ቀን አልነገራችሁኝም?» መልስ አልነበረኝም።

በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ወሰዷት። በሁለተኛው ራጅ በአውራ ጣት ሥር ያለች አንዲት ትንሽ አጥንት ተሰብራ ተገኘች። ሐኪሙ ያስረዳንን ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ቤት ውስጥ እርጥብ ወለል ላይ ወድቆ መዳፍን መመርኮዝ በሁላችንም የሚደርስ ነውና። የዚህች አጥንት ስብራት በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ይችላል። ደም በደንብ ስለማይደርሳት ቀስ ብላ ነው የምትድነው፤ ካልታሰረች ጨርሶ ላትገጥም ትችላለች። ስለዚህ ከወደቃችሁ በኋላ አውራ ጣታችሁ ሥር ሲነካ የሚያማችሁ ከሆነ «ራጁ ደኅና ነው ተብያለሁ» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ከአሥር ቀን ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ ታዩ።

ጓደኛዬ አሥር ሳምንት ጀሶ ታሰረላት። በኤምሬትስ ሕግ የቤት ሠራተኛ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ፈቃድ አላት፤ የመጀመሪያው 15 ቀን በሙሉ ደመወዝ ሲሆን የቀረው 15 ቀን ያለ ደመወዝ ነው። አሥር ሳምንት ደግሞ 70 ቀን ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ደሴ የምታስተምረው ታናሽ ወንድም እንዳላትና እናቷም የእርሷን ብር እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ለአንድ ቀን ሽርሽር፣ ያውም ለእኔ ጉራ፣ የሰው ቤት ላፈርስ ነው።

ማዳሟ መልካም ሆኑ። ፈቃዷ ሲያልቅ ልጆቹን እንድትጠብቅ፣ ከባዱን ሥራ ግን በሰዓት የምትከፈል ሰው እንድትሠራው አደረጉ። የጎደለው የ15 ቀን ደመወዝ ነበር። እኛ አሥር ሴቶች የምንጥለው ዕቁብ ነበረን፤ በዚያ ወር ዕጣው የወጣው ለእኔ ነው። ብሩ ለአባቴ ቤት ቆርቆሮ ነበር የታሰበው። ለእርሷ ሰጠኋትና የእርሷን ተራ ወሰድሁ። የእርሷ ተራ የደረሰው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ አባቴ ያን ክረምት ጣሪያውን ላስቲክ አልብሰው አሳለፉት። በስልክ እውነቱን ስነግራቸው «ልጄ፣ ዝናብ ያልፋል» አሉኝ እንጂ አልተቆጡኝም።

ጀሶው ተፈትቶ እጇ እስኪጠነክር ብዙ ወራት ወሰደ። ስለ ብስክሌት ማንም አያነሣም ነበር። በታኅሣሥ 2023 ግን ራሷ የደሴዋ «ሐታ እንሂድ» አለች። «ምን ነካሽ?» አልናት። «ተራራውን እፈልገዋለሁ። የፈራሁት ተራራውን አይደለም፤ ብቻዬን መቅረቴን ነው» አለች። ይህ ቃል ከማንኛውም ወቀሳ በላይ ቆረጠኝ።

ሄድን። በዚህ ጊዜ ከመነሣታችን በፊት ያላደረግነውን ሁሉ አደረግን። የትኛው የፊት፣ የትኛው የኋላ ፍሬን እንደሆነ ሜዳው ላይ ሞከርን። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ቀስ እያሉ መያዝ እንጂ የፊቱን ብቻ ድንገት መጨበጥ እንደሚጥል ተማማርን። ኮርቻውን ዝቅ አድርገን፣ ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አግድም ይዘን ቆም ብለን፣ ክብደታችንን ወደ ኋላ አድርገን መውረድ ተለማመድን። ዓይን የሚሄድበት ብስክሌቱም ስለሚሄድ የሚያስፈራንን ድንጋይ ሳይሆን የምናልፍበትን መንገድ ማየት እንዳለብን ተነጋገርን። ውኃ በብዛት ያዝን። የአምቡላንስ ስልክ 998 መሆኑን ሁላችንም ስልካችን ላይ ጻፍን። ለየማዳሞቻችንም የት እንደምንሄድ ነገርን። ከአረንጓዴው ላንወጣ ተማማልን።

«ማን ፊት ይሂድ?» ሲባል የደሴዋ «እኔ» አለች። እኔ መጨረሻ ሆንሁ። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ ከኋላዋ ስሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራውን አየሁት። የድንጋዩን ቀለም፣ በሸለቆው ውስጥ ያሉትን የቴምር ዛፎች፣ የጓደኞቼን ጀርባ። ፊት ስሄድ ከራሴ በቀር ያየሁት አልነበረም።

መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ስደርስ የደሴዋ ብስክሌቷን አስደግፋ ቆማለች። ሌሎቹን አሳልፋ እኔን እየጠበቀች ነበር።

«ደረስሽ?» አለችኝ።

«ደረስሁ እቴ» አልኋት።

እኅቶቼ፣ ብስክሌት ግዙ፣ ተራራ ውጡ ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ ያጫወትኋችሁ። ማረፊያ ቀን ያላችሁ፣ ሰውነታችሁ ከመጥረጊያና ከካውያ ሌላ ነገር እንደሚችል አንድ ጊዜ እንኳ ብታዩ ግን ደስ ይለኛል። ሰው አገር ስንኖር ሁላችንም መንገድ ላይ ነን። አንዷ ቋንቋ ቶሎ ትለምዳለች፣ አንዷ ሕጉን ታውቃለች፣ አንዷ ደግሞ ትናንት የመጣች ናት፣ በር ከፍታ ለመውጣት እንኳ ትፈራለች። ፊት የሄድሽው አንቺ ከሆንሽ በመታጠፊያው ላይ ቁሚላት። «ይበቃኛል» ካለችሽም ስሚያት። የወደቅሽው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሪ፤ የተደበቀ ስብራት አይገጥምም።

ደኅና ሁኑልኝ። በሰላም ያገናኘን።